ራስህን ታየው

ውድ እታለም፣

አስቀድሜ ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ። በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች የወረደውን ቀይ መስመር ያሰመርኩት እኔ አይደለሁም፤ የተኛሁበት የሆስፒታል ክፍል ሲስተር ናት። አዲስ መስመር በጀመርኩ ቁጥር መጀመሪያ ቀዩን እንድፈልግ፣ ቀዩን ሳላገኝ አንድ ፊደል እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኛለች። ትናንት ያለ ቀይ መስመር የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ከገጹ መካከል ጀምሮ ወደ ቀኝ እየሸሸ ሄዶ፣ ታች ሲደርስ በየመስመሩ ሁለት ሁለት ቃል ብቻ ቀርቶት ነበር። እኔ ግን ገጹን ሞልቼ የጻፍኩ መስሎኝ በኩራት አቀበልኳት። ወረቀት ረከሰ እንዴ ጋሼ ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀይ እስክሪብቶ ልታመጣ ሄደች። ስለዚህ እዚህም እዚያም ከመካከል የሚጀምር መስመር ብታይ ንቀት አይደለም፤ ቀዩ ጠፍቶኝ ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ሐሙስ ጠዋት ጭንቅላቴን ይከፍቱታል። በቀኝ በኩል፣ ከጆሮዬ ከፍ ብሎ፣ አንቺ ዐይንሽን ጨፍነሽ ልትስዪው የምትችዪው ቦታ ላይ ዕጢ በቅሏል። ዕጢው በቀኝ ሆኖ የወሰደብኝ ግን ግራዬን ነው። ዐይኔ ደህና ነው፣ እጄም ደህና ነው፤ ከግራዬ ያለ ነገር ሁሉ ግን ለእኔ የለም። ጨለማ አይደለም፣ ጭጋግም አይደለም። በቃ የለም፤ አለመኖሩንም አላውቅም። ዓርብ ዕለት አንቺ መጥተሽ በግራዬ ተቀመጥሽ። አላየሁሽም፣ እታለም። ኩርፊያዬ አልበርድልኝ ብሎ ፊቴን ያዞርኩብሽ መስሎሽ ወጣሽ። ስልክ ብደውል አታነሺም፤ ሲስተሯ በራሷ ስልክ ደውላ የእኔን ነገር ስትጀምር ዘጋሽባት። አልፈርድብሽም፤ እኔ ብሆን ስልኩን እወረውረው ነበር። ግን ይህን ሳታውቂ ሐሙስ እንዳይደርስ፣ ይህን ሳታውቂ እንዳልሞት ፈርቻለሁ።

መጋዙን አልፈራም ብልሽ ውሸቴን ነው፤ እሱንም እፈራዋለሁ። ሐኪሟ ስታስረዳኝ፣ ግራው ሊመለስ ይችላል፣ እንዳለ ሊቀር ይችላል፣ የቀረውም ሊሄድ ይችላል አለችኝ፤ ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የተናገረችው። ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አይዞርም። አንቺ ታውቂኛለሽ፤ ከውጭ ጉረኛ፣ ከውስጥ ቦቅቧቃ ነኝ።

ራስ መሳል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። በሰጠሁት ቃለ መጠይቅ ሁሉ ይህን ሳልናገር አልፌዋለሁ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ የእናታችንን የስፌት ጨርቅ ገፋ ታደርጊና ከዐይን አትጀምር ትዪኝ ነበር። ሰው ሁሉ ዐይንን ግንባር ላይ ይሰቅለዋል፤ ዐይን ያለው ግን ልክ የራስ መካከል ላይ ነው፤ ካላመንክ ለካው። በክር ለካሁ፤ የእናታችንን፣ የአጎታችንን፣ የጎረቤታችንን መላጣ ሳይቀር። ልክ ነበርሽ። አንድ ቀን ደግሞ "ዛሬ ራስ ሳል" ብለሽኝ ሄደሽ ስትመለሺ መስታወት ፊት ተገትሬ ራሴን ስስል አገኘሽኝ። ራስ አልኩህ እንጂ ራስህን አልኩህ ብለሽ ሳምንት ሙሉ ሳቅሽብኝ።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ግን ስቀንበት አናውቅም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሳልኩትን አፍንጫ በላጲስ ስላጠፋሽብኝ ኮምፓሱን ወረወርኩብሽ፤ ጫፉ ቀኝ ቅንድብሽ ላይ ተሰካ። እናታችን ስትሮጥ መጣች። ወድቃ ነው አልኩ። አንቺ ደሙ በጉንጭሽ እየወረደ ቀና ብለሽ አየሽኝና አዎ፣ ወድቄ ነው አልሽ። ጠባሳው ቀረ። አርባ ዓመት ሙሉ ጠባሳውን እያየሁ አብሬሽ በልቻለሁ፤ አንድም ቀን ይቅርታ አላልኩሽም። ነገ ዛሬ እያልኩ ነው። ዛሬ ግን ልበልሽ፤ ይቅር በዪኝ።

ከዚያ አንቺ የሕክምና ትምህርት ቤት ተቀጠርሽ፤ ሐኪም ሆነሽ ሳይሆን ሠዓሊ ሆነሽ። ለመጻሕፍት፣ ለመማሪያ ክፍል ግድግዳ፣ አጥንቱን፣ ጡንቻውን፣ ነርቩን እየለየሽ ሠላሳ ዓመት ራስ ስትስዪ ኖርሽ። እኔ በከሰል፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳልለካ የምስል ዘመናዊ ሠዓሊ ሆንኩ። አንቺ የሬሳ ራስ ነው የምትስዪው እልሻለሁ፤ አንተ ደግሞ ገና ያልተፈጠረ ሰው ትስላለህ ትዪኛለሽ። ዘመናዊ ማለት አለማወቅን በልበ ሙሉነት መሳል ነው ያልሽኝን ለስንቱ ሰው እየነገርኩ አስቄበታለሁ። ያኔ ንግግራችን ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ማናችንም አንቀየምም።

አምና ነው ነገሩ የጀመረው። የጋለሪው ባለቤት፣ አንቺ ባለ ሻርፑ የምትዪው፣ ሥራ ቤቴ መጥቶ አዲሶቹ ራሶች ፊት ብዙ ቆየ። ባዶው ይናገራል አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። እታለም፣ እኔ እኮ ሙሉ ራስ ነበር የሳልኩት። ሃያ ስድስት ሙሉ ራስ፤ ሁለት ዐይን፣ ሁለት ጆሮ ያለው። ሰዎች ግማሹ፣ የተተወው፣ የጎደለው እያሉ ሲያወሩ እንደ ቅኔ ነው የሰማሁት፤ ሥዕል እናውቃለን የሚሉ ሰዎች አነጋገራቸው እንዲያ ስለሆነ አልገረመኝም። አንዷ ለምን ግማሹን ተዉት ብላ ብትጠይቀኝ፣ ሁላችንም ግማሽ ነን አልኳት። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። አሁን ሳስበው በላብ እጠመቃለሁ።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት የሥራ ካፖርትሽን እንደለበስሽ፣ ጣትሽ ላይ ቀለም እንዳለ መጣሽ። ከመጀመሪያው ራስ እስከ መጨረሻው ሄድሽ፤ ተመልሰሽ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመርሽ። አንድ ዐይንሽን ጨፍነሽ እርሳስሽን ዘርግተሽ ለካሽ። እዚያ ሁሉ ዘመናዊ ሰው መሀል እርሳስ ዘርግተሽ ስትለኪ አፈርኩብሽ፤ እውነቱን ልናገር። አንድ ቃል ሳትነግሪኝ የአስተያየት መዝገቡ ላይ ጽፈሽ ወጣሽ። ሮጬ አነበብኩት። ከላይ ድንቅ፣ ግሩም፣ ዕጹብ ይላል። ከስር የአንቺ ጽሑፍ፦

"ራስህን ታየው። ዛሬ ነገ አትበል።"

ባለ ሻርፑ በትከሻዬ ላይ አንብቦ ፈገግ አለ። ጆሮዬ ጋለ። አብደሃል ማለትሽ ነው ብዬ ወሰድኩት፤ ማንም እንዲያ ነው የሚወስደው። ገጹን ገነጠልኩት። በማግስቱ ከግርጌው "አንቺ ራስሽን ቻዪ" ብዬ ጽፌ በፖስታ ላክሁልሽ። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ዝምታ ሆነ።

እንግዲህ ልክ ጨጓራህን ታየው፣ ጥርስህን ታየው እንደሚባለው ነበር ያልሽኝ። ሐኪም ያየው ማለትሽ ነበር። ሠላሳ ዓመት ራስ የሳለች ሴት ራስህን ታየው ስትል ሌላ ምን ልትል ኖሯል? ግን ቃሉ ክፉ ነው፤ ራስ ስንት ነገር ነው። አንቺ ጭንቅላቴን ስትዪ እኔ ክብሬን ሰማሁ።

ምልክቱ ሞልቶ ነበር፤ ልብ የሚል ጠፋ እንጂ። የግራ እጅጌዬን ሳላጠልቅ እወጣለሁ። የበር መቃን በግራ ትከሻዬ እገጫለሁ፤ በሩን የሠራውን እረግማለሁ። ሥራ ቤቴ አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ሩዙ አነሰ ብዬ አስተናጋጇን ስቆጣ፣ ሰሐኑን ዞር አደረገችልኝ። ሞልቶ ነበር። ጨመረችልኝ ብዬ አመሰገንኳት፤ እሷም ዕብድ እንዳየ ሰው ወደ ኋላዋ እያየች ሄደች።

ባለፈው ወር መንገድ ስሻገር ከግራ የመጣ ብስክሌት ጣለኝ። ጉልበቴን ሊያክሙልኝ ወሰዱኝ። ወጣቷ ሐኪም ጉልበቴን ትታ ፊቴን አየች፤ ጢሜን የላጨሁት ግማሹን ብቻ ነበር። ሥራዬን ጠየቀችኝ። ሠዓሊ ነኝ፣ ራስ ነው የምስለው አልኳት። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝና እስቲ አንድ ይሳሉልኝ አለችኝ። ጉረኛ አይደለሁ፣ በሁለት ደቂቃ ሳልኩላት፤ ጥሩ ራስ ነበር። ብዙ አየችው። ከዚያ የሥዕሉን አናት ወደ ታች አዙራ ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጠችና ምን እንደሚታየኝ ጠየቀችኝ።

ነጭ ወረቀት ነው የታየኝ። ሥዕሌን የት አደረግሽው አልኳት።

ወረቀቱን ቀስ እያለች ወደ ቀኜ ሳበችው። ከየት እንደመጣ የማላውቀው አፍንጫ ብቅ አለ። ከዚያ አንድ ዐይን፣ ከዚያ ጉንጭ፤ ከዚያ ጆሮው ላይ ቆመ። የእኔ መስመር ነው፤ ግማሽ ራስ ነው። እታለም፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ዐይን የጠፋበት ሰው መጥፋቱን ያውቃል። እኔ ግን ማንን አልፌ እንደሄድኩ፣ ማን ሰላም ብሎኝ እንደዘጋሁት አላውቅም። በኋላ የኤግዚቢሽኑን መጽሔት አምጡ ብላ ሥዕሎቹን በቀናቸው ደረደረቻቸው፤ በመጀመሪያው ጆሮ ጎድሏል፣ ከዚያ ጉንጭ፣ ከዚያ ዐይን። አንቺ ያን ቀን ተመልሰሽ ከመጀመሪያው የጀመርሽው ይህንን አይተሽ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለባለ ሻርፑ ሥዕሎቹን አውርድ ብዬ ብደውልለት፣ እንዲያውም አሁን ነው ትርጉም ያገኙት አለኝ። የማይደገም ነገር ተናግሬው ዘጋሁት።

እዚህ ከተኛሁ ጀምሮ በግራዬ ያለውን እፈራለሁ። እንዳለ የማውቀው እንደ ወሬ ነው፤ ሰዎች ነግረውኝ ነው። ሰው ሲያስል በስህተት የቀኙን ግድግዳ አያለሁ። እጄን ወደ ግራ ልሰድ ስል የሆነ ነገር የሚይዘኝ ይመስለኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ትልቅ ሰው አልጋ ስር ጅብ አለ አይል ነገር።

ቅዳሜ ጠዋት አንቺን በቃሌ ልስልሽ ሞከርኩ። ሲስተሯ አይታው ይሄም ግማሽ ፊት ነው አለች። ሐኪሟን ለምን ብዬ ጠየቅኋት፤ በቃል ሲሳል እኮ ዐይን ምን አገባው? በትዝታም ግራው ሄዷል አለችኝ። ቀኝ ቅንድብሽ ለሚያይሽ ሰው በግራ ነው። ስለዚህ ፊትሽን ሳስብ ኮምፓስ የሰካሁበት ቦታ አይመጣልኝም። ጠባሳ እንዳለ በቃል አውቃለሁ፤ ላየው ግን አልቻልኩም። ለዚህ ነው እላይ ይቅርታውን አፍጥኜ የጻፍኩት።

አሁን ስለ ዓርብ። ከቀኜ አልጋ ላይ ጡረታ የወጣ ጫማ ሰፊ አለ፤ አባባ እንለዋለን፤ በየሩብ ሰዓቱ እንዴት ነህ ይላል። ዓርብ በጠያቂ ሰዓት እንዴት ነህ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለ ድምፅ ነው። እሱ መስሎኝ ወደ ቀኝ ዞርኩና "አሥር ጊዜ ደህና ነኝ አልኩ፤ ተዉኝ እስቲ" አልኩ። አባባ ምንም ሳይናገር ስለተቆጣሁት ግራ ገብቶት ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

አንቺ ነበርሽ። ሰባት ወር ችለሽ፣ መታመሜን ሰምተሽ መጥተሽ እንዴት ነህ አልሽኝ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ተዉኝ አልኩሽ፤ ከጎረቤቴ ጋር ሳቅሁብሽ። የዚያን ቀን የነበረችው ተረኛም አዲስ ነበረች፤ ምን እንደሆንኩ የሚነግርሽ እንኳ አላገኘሽም።

ቅዳሜ ከሰዓት አባባ ያቺ በግራህ ተቀምጣ የነበረችው ሚስትህ ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም ብሎ ነው ቀኑን ሙሉ ዝም ያለው። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች፣ ጭኗ ላይ ደብተር ዘርግታ እንባዋ እየወረደ ስትሞነጫጭር ነበር፣ ስትሄድ አንድ ወረቀት ኮመዲኖው ላይ ትታለች አለኝ። ሰው የሚያለቅስበት ሰዓት ላይ የምትስል ሌላ ሴት አላውቅም። ጮኼ ሲስተሯን ጠራሁ።

ወረቀቱን በቀኜ ያዘችልኝ። የአንድ ሽማግሌ ራስ ነው፤ በጎን የተሳለ። ይሄ ደግሞ ማን ነው አልኳት። እርስዎ ነዎት አለችኝ። አላመንኳትም። ግማሽ ጢሙ የአንድ ወር ነው፤ ጸጉሩ በአንድ ወገን ተጣብቋል፤ ጆሮው ስር ሳሙና ደርቋል። ግራዬ ነው። ማንም ሳያየው፣ እኔም ሳላጥበው፣ አብሮኝ የኖረው ሰውዬ። ዐይኑ ልክ የራሱ መካከል ላይ ነው፤ ለክተሽዋል። ተቀይመሽኝ እያለ እንኳ አላሳነስሽኝም፣ መልኬን አላበላሸሽም፤ ያለሁትን ያህል አደረግሽኝ። እኔ ሃያ ስድስት ጊዜ የጣልኩትን አንቺ በአንድ ሰዓት አንስተሽዋል።

ፊርማሽ ግን የለም። አንቺ ያልፈረምሽበት ሥራ አይቼ አላውቅም፤ ለተማሪ የሞነጨርሽው አጥንት እንኳ ስምና ቀን አለው። አባባ እንደሚለው ከታች የሆነ ነገር ጽፈሽ ነበር፤ በላጲስ አጠፋሽው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘቅዝቄ፣ አሽከርክሬ ፈለግሁ፤ አይነበብም። ምን ብለሽኝ ነበር? በቃኝ፣ ወንድም የለኝም ብለሽ ከሆነስ? እውነቴን ነው፣ ከመጋዙ ይልቅ ያቺን የጠፋች መስመር እፈራታለሁ።

ሲስተሯ ወደ ቤቷ ስትሄድ በሰፈርሽ ታልፋለች፤ ይህን በበርሽ ስር ታስገባልሻለች። ነገና ከነገ ወዲያ አሉ። ጠያቂ የሚገባው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው። ስትገቢ አልጋውን ዙሪና በቀኜ በኩል፣ መስኮቱ ጋ ቁሚ። ሐሙስ ካለፈ በኋላም ብትመጪ እንዲሁ አድርጊ፤ ያኔ ግራው ይመለስ ይጥፋ አላውቅም።

አሁን ይህን ስጽፍልሽ ስምንት ሰዓት አልፏል፤ ጠያቂዎች ገብተዋል፤ ጫጫታው ይሰማኛል። ሐኪሟ እንዳስተማረችኝ አገጬን እስከ ትከሻዬ አዞርኩና ወንበሩን ፈለግሁ። ባዶ ነው። ወደ ወረቀቱ ስመለስ ግን ወንበሩ ከእጄ ወጣ፤ አሁን ሰው ይቀመጥበት አይቀመጥበት እንደገና አላውቅም። ስለዚህ በየመስመሩ መጨረሻ እታለም፣ አለሽ ወይ እላለሁ፤ አባባ ለይቶለታል ብሎ ያዝንልኛል። ካለሽ ተናገሪ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ ደጋግሚው። ለሌላ ሰው ብመልስ እንኳ አትሂጂ።

ታናሽሽ